ሁለት ሻንጣና አንድ ገጽ

እማማ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከዚህ ዓለም ሲያርፉ በቀብራቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፈው ሰው የሚመረጠው በዕውቀቱ አይደለም፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ፊደል ስላለው ነው። ብዙውን ጊዜ የእህት ልጅ ነው። ልቅሶ ቤቱ ሞልቷል፣ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው። ስለዚህ አዲስ አይጽፍም፤ አምና ለሌላ ሟች የተነበበውን ፈልጎ ስም ይቀይርበታል። ገጹ አንድ፣ ንባቡ 4 ደቂቃ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የተላኩት ውኃ ቅጂ ነበርና ይዘለዋል። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» ለማንም ሟች ስለሚሆን አይነካም። መዝጊያው «ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሲታከሙ ቆይተው» ነው። 20 ዓመት ሜሪላንድ ለኖሩ ሴት የትኛው ሀገር ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ ጠያቂ የለም። ስም ሲቀይር አንድ ቦታ ከረሳ ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የአምናው ሟች ብቅ ይሉና ቤተ ክርስቲያኑ በሹክሹክታ ይሞላል።

የልደታቸው ቀን ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ፓስፖርቱ ጃንዋሪ 1 ይላል፤ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሁሉ ቅጽ ላይ የሚወለደው በፈረንጅ አዲስ ዓመት ስለሆነ፣ እማማ ከሟች ባላቸውም ከታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸውም ጋር አንድ ቀን ተወልደዋል። የቀበሌው መታወቂያ ሌላ ይላል። እሳቸው ደግሞ «ጣሊያን ሲወጣ ጡት ጥያለሁ» ይሉ ነበር። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፤ ሁለት ዓመት ጠብተው ከሆነ 1931 ይመጣል፣ በፈረንጁ 1938 ወይም 1939። ቅጹን የሞላላቸው ሰው 1931ን ሳይመልስ እንዳለ ከጻፈው እማማ በአንድ ብዕር 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ስሕተት ሁልጊዜ አይጠላም፤ አሜሪካ ውስጥ 65 ሲሞላ የሚከፈት በር ብዙ ነው። መዘዙ የሚመጣው ሐኪሙ የኩላሊታቸውን አቅም ሲያሰላ ነው፤ ስሌቱ ውስጥ ዕድሜ ስለሚገባ ጤነኛ ኩላሊታቸው በወረቀት ይደክማል።

የሞቱበት ቀንም ሁለት ነው። በአሜሪካ በጋ ቅዳሜ ማታ ፈረንጅ 10 ሰዓት ሲል ካረፉ፣ አዲስ አበባ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሆኗል። እዚያ ያለው ወገን 40ውን ከእሑድ፣ እዚህ ያለው ከቅዳሜ ይቆጥራል። ቀኑ 12 ከነበረ ደግሞ ባሰ፤ እዚህ በሚካኤል፣ እዚያ በእግዚአብሔር አብ ሞተዋል ማለት ነው። መፍትሔው ተዝካሩን ሁለት ቦታ ማውጣት ነው። በሁለቱም ቦታ ይበላል፤ ቅር የሚለው የለም።

ገጹ ከማይነካቸው ነገሮች አንዱ ከአገር ቤት ይዘውት የሚመጡት ሻንጣቸው ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ባዶው ብቻ 4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለእህል የሚተርፈው 38 ኪሎ ነው። ክፍፍሉ እንዲህ ነው፦ በርበሬ 10፣ ሽሮ 8፣ በሶ 3፣ ቆሎ 3፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ 1፣ የሰው አደራ 10። ለእማማ ልብስ የቀረው 3 ኪሎ ነው፤ እሱም ቢሆን «አንድ ኪሎ በርበሬ ይወጣዋል» ተብሎ ይታያል። ሚዛኑ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 24 ካለ ሻንጣው ወለል ላይ ይከፈትና እማማ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ካፖርት በካፖርት ላይ ይደርባሉ። ለሚለበስ ነገር ሚዛን የለም።

በርበሬ ሲፈስ «አየሩ ነው ያፈነዳው» የሚሉት ሐሰት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየርም ከዚያ ብዙም አይሳሳም። እንዲያውም ዋሽንግተን ዝቅ ያለች ስለሆነች ከአዲስ አበባ ታሽጎ የመጣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደርስ ሆዱ ይጎደጉዳል። የሚያፈሰው ቋጠሮው ነው። ሁለት ፌስታል፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ፣ አፉ በፕላስተር ይታሸጋል፤ ነጭ ነጠላ ከአጠገቡ አይቀመጥም። ቋንጣ ሥጋ ስለሆነ በጉምሩክ አያልፍም። እማማ ሽሮ ውስጥ ይቀብሩት ነበር፤ የጉምሩኩ ውሻ ግን ሽሮ አያታልለውም።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ሕይወታቸው ያለው እዚህ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ምጣድ አሜሪካ አይሠራም፤ የተሠራው ለ220 ቮልት ስለሆነ በ120 ሲሰካ የሚሰጠው ሙቀት ከሲሶ በታች ነው፣ ሊጡ ሳይበስል ይደርቃል። ስለዚህ ሐበሻ የሚጋግረው የኖርዌይ ዘሮች የድንች ቂጣቸውን በሚጋግሩበት 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ነው። ፋብሪካው ይህን ሁሉ ቂጣ የሚበላው ኖርዌያዊ ከየት መጣ ሳይል አይቀርም። ምጣዱ የማያጣብቅ ቅብ አለው። እማማ በመጀመሪያው ቀን እንደ ሸክላ ቆጥረውት በጨው ፈተጉት፤ ቅቡ ተላጠ፣ እንጀራው ተጣበቀ፣ ጥፋቱ ለፈረንጅ ተሰጠ። ዘይት በነካ ማሰሻ ጠረግ ማድረግ ይበቃዋል።

ሊጡ አገር ቤት በ3 ቀን የሚደርሰው በሜሪላንድ ጥር 5 ቀን ይፈጃል። እማማ ባልዲውን ምድጃ ውስጥ ከተው መብራቱን ብቻ ያበሩለታል፤ የአምፖሏ ሙቀት ትበቃዋለች። አደጋው ሌላ ሰው ሳያይ ምድጃውን ለፒዛ ሲለኩሰው ነው። አብሲቱ አንድ ኩባያ ሊጥ በሦስት ኩባያ ውኃ ተፈልቶ፣ ጣት ሲነከርበት ለብ እስኪል ቀዝቅዞ ይመለሳል። ትኩስ ከተመለሰ እርሾው ይሞታል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ምራቶች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ካልሆነላቸው ሱቅ የሚሸጠውን ራሱ የሚነፋ ዱቄት ጣል ያደርጋሉ፤ ዓይኑ ይመጣል፣ ጣዕሙ ይሄዳል። እማማ ቀምሰው «ጥሩ ነው» ይላሉ። «ጥሩ ነው» ስድብ ነው።

ቡናውን ባጭሩ እንለፈው። ጢስ ጠቋሚው ላይ የገላ መታጠቢያ ቆብ ይታሰራል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ቆቡን ማውለቅ ስለሚረሳ ቤቱ ለሳምንታት ያለ ጠባቂ ያድራል። በረንዳ ያለው ሰው በረንዳ ላይ ይቁላ።

የልጅ ልጆቹ አማርኛቸው ከካርቱን የተረፈ ስለሆነ እማማን «አንተ» ይሏቸዋል። 8 ዓመት ያሳደጓቸው፣ ለሞግዚት የሚከፈለውን ያተረፉ ሴት «አቤት» ብለው ይመልሳሉ። ይህም ገጹ ላይ የለም።

ከቀብር መልስ እጅ ይታጠቡና ሴቶቹ ለሰልስቱ ፍሪጅ ማጽዳት ይጀምራሉ። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው ያኔ ነው። የአይስክሬም ዕቃው ቫኒላ ቢልም ውስጡ ንጥር ቅቤ ነው፤ እሱ ከቀዘቀዘም ስለሚሸት ይተርፋል። ከበስተኋላ ያለው «ጃላፔኞ» የሚል ጠርሙስ ግን ላዩ ጥቁር ውኃ አቅርሯል፣ ሲከፈት ይኮመጥጣል፤ «ይሄማ ተበላሽቷል» ተብሎ ገንዳ ውስጥ ይደፋል። እርሾው ነበር። ሻጋታ እስካላወጣ ድረስ ጥቁሩ ውኃ ብቻ ተቀልብሶ፣ አንድ እፍኝ ጤፍና ለብ ያለ ውኃ ተጨምሮበት ቢታሽ በሁለት ቀን አረፋ ያወጣል። ስለዚህ ወደ ቀብር ከመውጣት በፊት ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ይለጠፍበት። የአማርኛ ፊደል ያለው ያው የእህት ልጅ ይጻፈው፤ ከማንም መገልበጥ አያስፈልገውም፣ «አይደፋ» ብቻ።