ውሻው የማን ነው?

ጎበዝ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። የደብረ ሲና ሰው፣ የደብረ ብርሃንም፣ የመንዝም ስሙኝ።

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ውሻ ይመዝገብ፣ ይከተብ፣ ባለቤቱም በዓመት ትንሽ ይክፈል ተባለ። ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። «ውሻም ግብር ከፋይ ሆነ?» ላለው ተጨበጨበለት። እዚያው የመንግሥት መኪኖች ነዳጅ ኮታ መጨመሩ ሲነበብ ግን የሳለ እንኳን የለም። እኔም አልሳልኩም።

ሁለት ወር ሳይሞላ የጎረቤቴን ልጅ ውሻ ነከሰው። ሰባት ዓመቱ ነው። ጉሙ ገና ሳይገለጥ ለእናቱ የቆሎ ሳህን ይዞ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ፣ ባቱን። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ሩብ ሰዓት ማጠብ ሲገባ፣ ሰፈሩ «ቡና ነስንሺበት» አላት። ጎረምሶቹ ውሻውን በድንጋይ ጨረሱት። 10 ቀን ታስሮ ቢታይ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ይለይ ነበር። ጤና ጣቢያው ክትባት የለም፣ ደብረ ብርሃን ውሰዱት አለ። ጣርማ በርን ወጥቶ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ኮድ 4 የመንግሥት መኪና ደጃችን ቆሟል። ሾፌሩን ለመንነው። «ስምሪት የለኝም፣ ኪሎ ሜትር ይቆጠርብኛል» አለ። ደንብ ነው ብዬ አልፈረድኩበትም። ማታ ያው መኪና በግ ጭኖ ገባ። በጉ በመስኮት ያየኛል። ለበግ ስምሪት አለ ማለት ነው!

ይህን ይቅር አልልም።

ቆይ ግን። ነርሷ «ውሻው የማን ነው? ተከትቧል?» ስትል ተያየን። ቡቺ እኮ ነው። ሦስት ዓመት እኔ ደጅ አድሯል። አጥንት የምጥልለት እኔ፣ ሌሊት የሚጮኸው ለእኔ ግቢ። «እንጃ» አልኳት።

ለመሳፈሪያና ለመድኃኒት እስኪዋጣ መሸ። ልጁ በማግስቱ በሚኒባስ ሄደ። መርፌውን ጨርሷል፣ ተመስገን፣ ደህና ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ እኮ ማንንም አይምርም። መንዝ ጓሳ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ እንኳን በእኛ ውሾች በሽታ ነው የሚሰጋው።

ወገኔ፣ ከኪሳችን ጥቂት ብር ሲጠየቅ እንጮሃለን። መኪናው ሲባክን «የመንግሥት ነው» ብለን እናልፋለን። የመንግሥት ሲባል የማንም ያልሆነ ይመስለናል፤ ልክ እንደ ቡቺ።

ቅዳሜ ደግሞ ስብሰባ አለ አሉ። ብዙ ተስፋ የለኝም፤ የምንሄደው ያው እኛው ነን። የበጉን ነገር አነሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን የቡቺን። የልጁ እናትም ትመጣለች። የት እንደምቀመጥ እንጃ።