ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ሲስተሙ ግን አያየውም

ሰሞኑን አንድ የቆየ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ልጭን ብዬ ግማሽ ቀኔን አቃጠልኩ። ከፍላሽ ያለምንም ችግር ተነሳ። ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ መጣ። ማውሱ አይነቃነቅም። ኪቦርዱም ጭጭ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ እኮ ሁለቱም ይሰሩ ነበር!

ባዮሱ የራሱ ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያናግር ፕሮግራም፣ አለው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲረከብ ግን በራሱ መቻል አለበት። የድሮዎቹ የሚያውቁት ኢኤችሲአይ የሚባለውን የዩኤስቢ 2.0 መቆጣጠሪያ ነው፤ በሰከንድ 480 ሜጋቢት የሚያስኬደውን። የእኔ ቦርድ ላይ ያለው ግን ከዩኤስቢ 3.0 ጋር የመጣው አዲሱ መቆጣጠሪያ፣ ኤክስኤችሲአይ፣ ብቻ ነው። ድራይቨሩን ለመጫን ኪቦርድ ያስፈልጋል፤ ኪቦርዱ እንዲሰራ ደግሞ ድራይቨሩ። የተነሳበት ፍላሽ ራሱ ከዓይኑ ይጠፋል!

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዩኤስቢ 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሊኑክስ በ2009 ከርነል 2.6.31 ላይ ድጋፉን አስገባ። ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ይዞ የመጣው በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ነው። እስከዚያ ሥራው ለቺፕ አምራቾች ተተወ፤ እነሱም የየራሳቸውን ድራይቨር ጻፉ። ኤክስኤችሲአይ እኮ የታሰበው አንድ ድራይቨር ለሁሉም እንዲበቃ ነበር።

የቦርዱ አምራች ገጽ ላይ ያገኘሁት ድራይቨር ደግሞ ተጭኖ ባለቀ ሲስተም ላይ ብቻ የሚከፈት ነው። እንዴት አድርጌ ልክፈተው? በመጨረሻ ፋይሎቹን በሌላ ኮምፒውተር ፈትቼ፣ ኢንስታለሩ ውስጥ ከትቼ ተገላገልኩ። ሌላ ኮምፒውተር የሌለው ሰውስ?