ጂኖም አንብቦ ግሬይ መጥራት

ሰሞኑን በአንድ የሳይንስ ውይይት ላይ አንዱ ተናጋሪ «የባክቴሪያውን ጂኖም ስጡኝ፣ ስንት ግሬይ ጨረር እንደሚችል እነግራችኋለሁ፤ ከእንግዲህ ላቦራቶሪ ገብቶ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው» አለ። ጂኖም ማለት የአንድ ሕያው ነገር ሙሉ የዘር መረጃ ነው፤ ግሬይ ደግሞ የተወሰደ ጨረር መለኪያ። ተጨበጨበለት። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ምክንያቱንስ ሰማችሁት? «ዲኤንኤ የሚጠግኑ ጂኖች የበዙለት የበለጠ ይተርፋል።» ይቺን ባይናገራት ይሻለው ነበር። ዲኖኮከስ ራዲዮዱራንስ የሚባለው ባክቴሪያ ሰውን ለመግደል 5 ግሬይ ገደማ በሚበቃበት ዓለም 5,000 ግሬይ ችሎ የሚነሳ ጉድ ነው። በ1999 ጂኖሙ ሲታተም ሁሉም ምስጢሩን ፍለጋ ተንጋጋ። የተገኘው ተራ የጥገና ዕቃ ነው፤ አንጀት ውስጥ ከሚኖረው ተራ ባክቴሪያ ከኢ ኮላይ እንኳ ብዙም አይበልጥ። ሸዋኔላ ኦናይደንሲስ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ በበኩሉ የጥገና ጂን አላነሰውም። ግን 70 ግሬይ ላይ ከአሥሩ ዘጠኙ ያልቃል።

ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? በ2004 የተመራማሪው ማይክል ዴሊ ቡድን የሴሎቹን ብረትና ማንጋኒዝ ለካ። ጨረር የሚችሉት ማንጋኒዝ አከማችተዋል፤ ሸዋኔላ በብረት ተሞልቷል። ኋላም ማንጋኒዙ ፕሮቲኖችን ከጨረር ጉዳት እንደሚከላከል ታየ። ዲኤንኤን የሚጠግኑት ፕሮቲኖች ናቸውና፣ ጠጋኙ ራሱ ከቆሰለ ማን ይጠግናል? አሁን ልብ በሉ። ያንኑ ዲኖኮከስ ማንጋኒዝ በጎደለው ምግብ ላይ ስታሳድጉት ጨረሩን የመቋቋም አቅሙ ክፉኛ ይቀንሳል። ጂኖሙ ያው ነው። አንዲት ፊደል አልተነካችም። ታዲያ ሰውዬው የትኛውን ቁጥር ሊነግረን ነው? የጠገበውን ወይስ የተራበውን? በፍጥነት እየተባዛ ያለውን ወይስ ማደጉን ያቆመውን?

እርግጥ የትኛውን ባክቴሪያ ቀድመን እንፈትሽ ለሚለው ጂኖም ይጠቅማል። ከዚያ አያልፍም። «ከጂኖም የሚተነብየው የኮምፒውተር ሞዴል ዲኖኮከሶችን በሙሉ ለይቷል» ቢባልም አያስደንቀኝም። ዘመድን በመልኩ መለየት ትንበያ አይደለም፣ ዝምድና ማወቅ ነው።

ተናጋሪው ካላመነኝ ይሞከር። ተራ ኢ ኮላይን ደጋግመው በጨረር እየመቱ፣ የተረፈውን እያሳደጉ፣ ጨረር የሚችል ኢ ኮላይ ያወጡ ተመራማሪዎች አሉ። ከወላጁ የሚለየው በሚውቴሽን፣ ማለትም በዲኤንኤ ፊደላት ለውጥ ነው፤ ጽናቱን በአብዛኛው ያመጡትም ጥቂቶቹ ናቸው። የወላጁንና የልጁን ጂኖም ስም ሳትጽፉ ስጡት። የትኛው እንደሚተርፍ ይንገረን፣ በስንት ግሬይ እንደሆነም ጭምር።