ስለ ስደተኛ ፊልም ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ ዕድሩን ጠይቁ

በየስልካችን የሚዞረውን ቪዲዮ ታውቁታላችሁ። ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ ትቀመጣለች፣ ከኋላ ዋሽንት ይለቀቃል፣ ጠያቂው "እስቲ የደረሰብሽን ንገሪን" ይላል፣ ስታለቅስ ካሜራው ፊቷ ላይ ይጠጋል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ሱቅ ወይም ጀበና ቡና ከፍታ ፈገግ ትላለች። ጀግና ናት፣ ሼር አድርጉ። አለቀ።

እኔን ይህ ነገር ሰልችቶኛል። ልጅቷ ጀግና ስላልሆነች አይደለም። ለጀግንነቷ ስናጨበጭብ እዚያ ያደረሷትን ሁሉ እንረሳቸዋለን። ደላላው የት ገባ? ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር አስሮ ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ እንዳትቀይር የሚያደርገው የከፋላ አሠራርስ? በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ወድቆ ኮሮናም ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤሩት ያለው ቆንስላችን ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን እንኳ አልተቀበሉም ነበር። ይህን ሁሉ ዘልሎ "በርቺ እህቴ" ማለት ቀላል ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ሁለት ፊት አለው። ልጆቻችንን ወደ ዐረብ አገር እንልካለን፣ እኛ ራሳችን ደግሞ መጤ እንቀበላለን። ከተማዋን ያቆማትም መጤ ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ (የዛሬዋ ጅማ) ገበያ ከሰሜን ሳይቀር ነጋዴ ይስብ ነበር። (ሁሉም በፈቃዱ አልመጣም፤ ሂርማታ የባሪያ ገበያም ነበረች፣ ይህን ማንሣት ብዙ ሰው አይወድም።) በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ ደርግ ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ሰዎችን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አጓጉዞ አሰፈረ፤ በጠቅላላው ወደ 600 ሺህ ሰው ነው፣ ከፊሉም የደረሰው ያኔ ዋና ከተማው ጅማ ወደነበረው ከፋ ክፍለ ሀገር ነው። ዛሬም ቡናው ሲቀላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም አካባቢዎች ለለቀማ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ለቀማው ሲያልቅ ሁሉም አይመለስም። አንዳንዱ አንድ ክፍል ተከራይቶ በዚያው ይቀራል።

እና ይህ ሰው የከተማዋ ሰው ሆኗል ወይ? ፊልም ሠሪዎች ይህን የሚጠይቁት ራሱን ለቃሚውን ነው። "ጅማን እንዴት አገኘሃት?" ምን ይበል? ቤት ያከራዩት ሰውዬ ከካሜራው ጀርባ ቆመው እያዩት! "ሕዝቡ ጥሩ ነው" ይላል።

ጥያቄው ለእኛ ለነባሮቹ ነው መቅረብ ያለበት። የሰፈሩ ዕድር ተከራይ ይቀበላል? መግቢያው ስንት ነው፣ በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ይችለዋል? ዕድር የሌለው ለቃሚ በዚያች ክፍል ቢሞት ድንኳን ማን ይተክላል፣ አስከሬኑን ወደ አገሩ ለመላክ መዋጮውን ማን ይሰበስባል? የዕድሩ ዳኛ ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው ይህን ሲመልሱ ማየት እፈልጋለሁ። መልሱ የሚያኮራ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ሳያመነቱ የማያውቁትን ሰው ወግ ባለው መንገድ የቀበሩ ሰፈሮች አሉ። የሚያሳፍርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይቀረጽ።

የሚሠራበት መንገድም ቢሆን አዲስ ፈጠራ አይፈልግም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ባለሙያዎች ፎጎ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች ደሴት ሄዱ። መንግሥት ሰዉን አንሥቶ ሌላ ቦታ ሊያሰፍር እያሰበ ነበር። ከነዋሪዎቹ ጋር ሆነው ከ20 በላይ አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። የተቀረጸው ሰው ፊልሙን ቀድሞ ያያል፣ ያልወደደው ክፍል ከፊልሙ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጎረቤት ያያል፣ ከዚያም ባለሥልጣን። የተራራቁት መንደሮች ችግራቸው አንድ መሆኑን ተያዩ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፣ ደሴታቸውንም አልለቀቁም። ፊልሙ ብቻውን አዳናቸው አልልም፣ ግን እርስ በርስ አነጋግሯቸዋል።

እኛም ጋ ለዚህ የሚሆን ነገር አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ሰፈርና ወደ ወረዳ እያወጣ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ሲያስተምር ኖሯል፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮም አለው። ስልክ ያልያዘ ተማሪ ደግሞ የለም። በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በዳውሮኛ ተቀርጾ ከዩቲዩብ በፊት እዚያው ሰፈር፣ በዕድሩ አዳራሽ ይታይ። ከስደት የተመለሰችው ልጅ "ፊቴ አይታይ" ካለች አይታይ፤ ነገ ልታገባ ነው፣ ደላላውም እዚሁ ከተማ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም የማያነሣው። ለቃሚ የሚከፈለው በለቀመው ኪሎ ነው። ግማሽ ቀን ካሜራ ፊት ካስቀመጣችሁት የዚያን ግማሽ ቀን ሒሳብ ክፈሉት። ምሳ ጋብዞ መሸኘት ክፍያ አይደለም።