ማስተካከያ፦ 60 ፒኤስአይ ሁሌ 10 ቶን አይደለም

በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መስመር ሾፌሮች ዘንድ ሰሞኑን የሚዘዋወር ጽሑፍ «የአየር ሱስፔንሽን ጌጅ 60 ፒኤስአይ ካሳየ አክስሉ 10 ቶን ይዟል» ይላል። ስህተት ነው። (የአየር ሱስፔንሽን ማለት መኪናውን በአየር ከረጢቶች የሚሸከም ሲስተም ነው፤ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ አሃድ፣ አክስል ደግሞ ጎማዎቹ የተያያዙበት ዘንግ ነው።) የሱስፔንሽን አምራቾች መመሪያዎች እንደሚያስረዱት ጌጁ የሚለካው የአየር ከረጢቱን ግፊት እንጂ ክብደትን አይደለም። ከረጢቱ ሰፊ ከሆነ ያንኑ ጭነት በአነስተኛ ግፊት ይሸከማል። ስለዚህ የሌላ መኪና ቁጥር ለእናንተ አይሠራም። የራሳችሁ ተሳቢ እንኳ ከፊተኛው መኪና ሊለይ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ጌጁን ከሚዛን ጋር ማመሳከር ነው። አንዴ ባዶውን፣ አንዴ ጭናችሁ መዝኑና ሁለቱንም ንባብ ያዙ። ለምሳሌ አክስሉ ባዶውን 4 ቶን በ15 ፒኤስአይ፣ ተጭኖ 10 ቶን በ60 ፒኤስአይ ቢሆን፣ አንድ ፒኤስአይ ወደ 133 ኪሎ ይመጣል። ጌጁ 40 ሲል እንግዲህ 7.3 ቶን ገደማ ነው። ዜሮ ሲያነብ ግን ክብደቱ ዜሮ አይደለም፤ አክስሉና ጎማው ራሳቸው ይመዝናሉ።

ስታነቡ መኪናው ሜዳ ላይ ይሁን። ጎማው ታኮ ይደረግለት፣ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ መርፌው እስኪረጋ ጠብቁ። የጣርማበር ቁልቁለት ላይ ቆሞ ማንበብ ዋጋ የለውም።

«60 ማለት 10 ቶን ነው» በሚለው ተማምኖ የጫነ ሰው ሚዛን ላይ ቅጣት ሊገጥመው ይችላል። ከዚያ የሚብሰው ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ነው፤ ትርፍ ጭነት ፍሬን ያግላል። የፊት አክስላችሁ በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ከሆነ ደግሞ ጌጁ ስለ እሱ በቀጥታ የሚነግራችሁ ነገር የለም። እሱን ሚዛን ላይ ብቻ ታገኙታላችሁ።