ዕድሜውን ያልደበቀ ድምፅ

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስትና ድምፃዊ ዴቪድ ጊልሞር «ላክ ኤንድ ስትሬንጅ» የተሰኘውን አምስተኛ የግል አልበሙን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ሲያወጣ 78 ዓመቱ ነበር። ከቀዳሚው አልበሙ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። ሙዚቃ ወዳድ ጓደኞቼ አልበሙን ሲያሙት የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሻክሯል፣ ወደ ላይ ሲወጣም ይሳሳል። እኔ ግን የወደድኩት በዚሁ ነው። አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈችው ባለቤቱ ፖሊ ሳምሰን ናት፤ የሚያወሩት ስለ እርጅናና ስለ ሞት ነው። እነዚህን ግጥሞች በ30 ዓመት ወጣት ጉሮሮ ቢዘፍናቸው ማን ያምነዋል?

የአልበሙን ስም የያዘውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ረጋ ብላችሁ ስሙት። ከጊታሩ ሥር የሚሰማው ኪቦርድ የፒንክ ፍሎይዱ ኪቦርድ ተጫዋች የሪቻርድ ራይት ነው። ራይት በ2008 አርፏል። ቅጂው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጊልሞር ግቢ ባለ መጋዘን ውስጥ ተሰብስበው ያለ ዝግጅት ሲጫወቱ የተቀዳ ነው። ሙሉው ቅጂ፣ ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋው፣ በሲዲው ላይ ተጨምሯል። አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ ሲሄዱ ይሰማል፤ የዓመታት ባልንጀሮች ጨዋታ ነው። ለኢትዮጵያ ረሃብ በ1985 በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት፣ ጊልሞር ከእንግሊዛዊው ዘፋኝ ከብራያን ፌሪ ጋር ጊታር ተጫውቷል። ከ20 ዓመት በኋላ በላይቭ ኤይት ኮንሰርት መድረክ አራቱ ፒንክ ፍሎይዶች ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ሲጫወቱም ራይት ኪቦርዱ ላይ ነበር። ያንን ምሽት ያየ ሰው ይህን ዘፈን በቀላሉ አያልፈውም።

ፕሮዲውሰሩ ቻርሊ አንድሩ ከጊልሞር በብዙ ዓመት ያንሳል። «እዚህ ጋ የጊታር ሶሎ የግድ ነው ወይ?» እያለ ይሞግተው እንደነበር ጊልሞር ራሱ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ጠያቂውን ከስቱዲዮ ማስወጣት አያቅተውም ነበር። እሱ ግን አዳመጠው፤ አልበሙ ያልተንዛዛው ለዚህ ይመስለኛል።

«ቢትዊን ቱ ፖይንትስ» ላይ ደግሞ ማይኩን ለ22 ዓመቷ ልጁ ለሮማኒ ለቅቆላታል። ዘፈኑ ቀድሞ የእንግሊዙ ባንድ የሞንጎልፊየር ብራዘርስ ነበር። ሮማኒ ሃርፕ እየደረደረች፣ ድምፅዋን ሳትጮኽበት፣ እዚያው አጠገባችን ተቀምጣ እንደምታወራ ሆና ትዘፍነዋለች። አባቷ ጨርሳ እስክትናገር ይጠብቃትና በጊታሩ ይቀበላታል። አልበሙን ስከፍት መጀመሪያ የምሄደው ወደዚህ ዘፈን ነው።