ደጋፊው አልጠፋም፤ የራቀው ሜዳው ነው

የአገር ውስጥ እግር ኳስ ተመልካች አጣ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወይ በጨዋታው ጥራት ወይ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ነው። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። ደጋፊው ሜዳ ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አያጋጥመኝም።

ከ2013 የውድድር ዘመን ወዲህ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሚካሄደው ክለቦች በየሜዳቸው ሳይሆን በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ ነው። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ፣ በኋላም አዳማ በየተራ አስተናግደዋል። በኮሮና ወቅት ይህ የሚያስኬድ መላ ነበር። ለቴሌቪዥን ስርጭቱም ካሜራን አንድ ቦታ ተክሎ ሁሉንም ጨዋታ ማሳየት ይቀላል። ወረርሽኙ አለፈ፤ አሠራሩ ግን ጸና።

የጎንደሩን ክለብ ፋሲል ከነማን እንውሰድ። በዚያው በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በጎንደር አንድም የሊግ ጨዋታ አላደረገም። ለደጋፊው ቅርብ የነበረው ሜዳ ባሕር ዳር ነው፤ እሱም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ተራው የድሬዳዋ ሲሆን መንገዱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጨዋታው በሥራ ቀን ከዋለ በአውቶቡሱ፣ በአልጋውና በምግቡ ወጪ ላይ ከአለቃ ፈቃድ መለመን ይጨመርበታል። ለ90 ደቂቃ! ይህን ሁሉ ችሎ ያልመጣን ሰው «ክለቡን አይወድም» ማለት ግፍ ነው።

የአስተናጋጁ ከተማ ሕዝብስ? ሐዋሳ ላይ የሐዋሳ ከተማ ቡድን ሲጫወት ሜዳው ይሞቃል። ሁለት እንግዳ ቡድኖች ሲገቡ ግን የአሰልጣኞቹ ጩኸት ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። አልፈርድበትም። የሐዋሳ ሰው ለመቻልና ለኢትዮጵያ መድን ምን ብሎ ይጩህ?

በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉት የተመልካች ክፍሎች ይሞሉ የነበሩት መቀመጫው ተመችቶ አይደለም። ሜዳው መሐል ከተማ ነው፤ ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች በደጁ ያልፋሉ፤ ከመርካቶ በእግር ይደረሳል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ደረጃውን አያሟላም ብሎ ካገደው በኋላ ብሔራዊ ቡድኑም ስደተኛ ሆነ። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ነው ተብሎ በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። እንዲያ ያለ ቀን አዲስ አበባ ላይ ስንት ዓመት ይወራ ነበር!

አሁን ተስፋው ሁሉ በቦሌው አደይ አበባ ስታዲየም ላይ ተጥሏል። ስለ 62,000 መቀመጫዎቹ ብዙ ሰምተናል። ያ ሁሉ ሰው ከምሽት ጨዋታ በኋላ በምን ታክሲ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ግን ከወዲሁ ይታሰብበት።

ለሊጉ መፍትሔው ግንባታ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ሊጉን ያስተናገዱ ሜዳዎች አሏቸው። የእነዚህ ከተሞች ክለቦች ከመጪው የውድድር ዘመን ጀምሮ እርስ በርስ በየሜዳቸው በደርሶ መልስ ይጫወቱ፤ ለሌሎቹ ክለቦችም ሜዳቸውን የሚያሟሉበት ቀነ ገደብ ይቆረጥላቸው። የካሜራው ጉዞ ወጪ እንደሚያስወጣ አውቃለሁ። እስካሁን ያንን ወጪ ሲሸከም የኖረው ደጋፊው ነው።